ጥላው ውስጥ የነበረው ፊት

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ፎቶ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ካድሬ የሠርግ ፎቶ ነጌቲቭ ይዞ መጣ።

«ከኋላ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር የቆመውን ሰው ፊት አውጣልኝ። በየኬላው የሚበተን ነው» አለኝና በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ የፎቶ ወረቀቱን በነጌቲቩ በኩል ለአጭር ጊዜ ብቻ ብርሃን አሳየሁት። ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ስነክረው የሙሽሮቹ ልብስ ነጥቶ ጠፋ፤ ጥላው ግን ሳስቶ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ። ከከተማው ከጠፉ ወር አልፏቸዋል።

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሌላ ወረቀት ላይ ብርሃኑን አስረዘምኩት። ጥላው ጥቀርሻ መሰለ፤ ፊታቸውም አብሮ ጠፋ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ካድሬው፣ ይዤለት ስወጣ።

«ጓድ፣ ጥላው ውጦታል። ከዚህ የተሻለ አይወጣም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ነጌቲቩን ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ አንስቶ አገላብጦ አየው። ኪሴ ውስጥ ያለው እርጥብ ወረቀት ጭኔን ሲያቀዘቅዘኝ ይሰማኛል። ነጌቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ ማንበብ አልቻለም መሰለኝ፤ ተሳድቦ ሄደ።

ለሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስለኝ ነበር። መምህሬን ከሁለት ዓመት በኋላ መቂ ላይ ሽንኩርት ሲያስጭኑ አየኋቸው። ጺማቸውን አሳድገዋል። በስማቸው ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ፈራሁ፤ አጠገባችን ማን እንዳለ አላውቅም ነበር።