አባቴ የቀረበት ካባ

ደባርቅ ዳር የነበረው የድንጋይ ካባ ዘንድሮ የዕፅዋት መናፈሻ ሆኗል። ልጄን ይዤ ስገባ ዝናብ የነካው ድንጋይ ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ያን ቀን እኔና እናቴ ለአባቴ ምሳ ይዘን ስንደርስ ገደሉ ተንዶበት ነበር። ድንጋይ ፈላጮቹ በእጃቸው ሲቆፍሩ ቆዩ። በመጨረሻ አለቃቸው ወደ እናቴ መጡና፣

«እህቴ፣ ገደሉን ከዚህ በላይ ብንነካው ሌላ ሰው ይበላል። እሱም እዚሁ ይረፍ» አሏት።

እናቴ መሬቱን በጥፍሯ እየቧጨረች «አፈር እንኳ ሳላለብሰው?» አለች። እኔ ግን «ይረፍ» ሲሉ ደክሞት የተኛ መስሎኝ ምሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩለት።

አሁን እዚያ ቦታ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ተተክሏል። ልጄ ከሥሩ ቆማ «እማዬ፣ ፎቶ አንሺኝ» አለችኝ።

«ውጪ ከዚያ!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ ስታለቅስ አቀፍኳትና፣ «አያትሽ ያሉት እዚህ ሥር ነው» አልኳት።