ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ውሻውን መለካት ነው። ባለቤቴ ከሱቅ ያመጣውን የመጋረጃ ሜትር ይዞ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንበረከከ፤ እኔ የውሻውን ጭንቅላት ያዝኩ። ካምፐርቫን፣ ማለትም የሚታደርበትን መኪና፣ የሚያከራየው ድርጅት ውሻ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ካወጣቸው ደንቦች አንዱ፣ መኪናው ሲሄድ ውሻው ደረቱን በሚያቅፍ ቀበቶ ከኋላ ወንበር ጋር ይታሰር የሚል ነበር። ቀበቶው የሚገዛው በልክ ነው። ውሻው ግን ነገሩን ጨዋታ አደረገውና የሜትሩን ጫፍ በጥርሱ ያዘ።

«ጌታው፣ ተው እንጂ» አለው ባለቤቴ። ሁልጊዜ የሚጠራው እንደዚያ ነበር፤ መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው እንደሚያናግሩት፣ በትህትና። «በዚህ ሜትር የስንቱን ሀብታም መስኮት ለክቼ አንተ ታስቸግረኛለህ?»

ሳቅን። ለካነው። እራት በላን፤ ምን እንደበላን አላስታውስም። በማግስቱ ፎርድስበርግ በሚባለው ሰፈር ባለው የመጋረጃ ሱቃችን ውስጥ፣ ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያ ሲያወርድ ልቡ ቆመ።

ለምን ካምፐርቫን እንዳማረው መናገር አለብኝ። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። ገና ሲመጣ ሰው መጋረጃ ይለውጣል፣ ፋሲካ ሲመጣም ይለውጣል፤ ሱቁ አይዘጋም። ባለፈው ዓመት ግን ደከመኝ ማለት ጀመረ። ችግሩ ውሻው ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ትተውልን የሄዱት፣ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት የሚያድግ ውሻ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎች አይቀበሉትም። ብሔራዊ ፓርኮቹ ውሻ አያስገቡም። የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ደግሞ እንኳን ሊያሳድሩልን፣ ገና ከመንገድ «እሰሩት!» ብለው ይጮሃሉ። ባለቤቴ አሰበ አሰበና አልጋውም ምድጃውም ውስጡ ያለ መኪና እንከራይ አለ። «ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ» ብሎ ለጁላይ አስያዘ። የምንሄደው ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ውስጥ ወዳለችው ወደ ክላረንስ ነበር፤ ገደሎቿን በስልኩ አይቶ ወዷቸዋል። እዚያ ማለዳ ተነስቶ በመኪናው ምድጃ እንቁላል ሊጠብስልኝ ቃል ገባ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንቁላል ጠብሶ አያውቅም።

ለቅሶው እንደ ደንባችን ሆነ። ሰው ከከተማው ዳር ሰፈሮች፣ ከዳቬይተንም ከዛንድስፕሩትም፣ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቁን እየዘጋ መጣ። ፕሮቴስታንቶች ስለሆንን ሙሾ አናወርድም፤ ይዘመራል፣ ይጸለያል። ሐዘንተኛን ብቻዋን ያለመተው ደንብ ግን ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነው፤ የትኛውም ሰባኪ አልሻረውም። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግተው አብረውኝ አደሩ። መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ትንሽ ከቆየሁ «የኔ እህት፣ ደህና ነሽ?» ይላሉ። ማልቀስ ስጀምር ከየአቅጣጫው እጅ ጀርባዬ ላይ ያርፋል፤ «በቃ፣ በቃ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይባላል፤ እንባዬም እዚያው ይቆማል። ሁሉም ደግ ሰዎች ነበሩ። ብቻዬን ሆኜ የማለቅስበት አንድ ሰዓት ግን ማንንም ብለምን የሚሰጠኝ አልነበረም። ከዚያ ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ውሻው ጓሮ ታስሮ ያላዝናል።

«ይኼ ወንድሜ ከመሞቱ በፊትም ሲያላዝን ነበር፤ አልሰማችሁትም እንጂ» አሉ የባለቤቴ ታላቅ እህት። ዳቬይተን ስፓዛ ሱቅ አላቸው፤ ሌሎቹ ሴቶች ወደየሥራቸው ሲመለሱ እሳቸው ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ከእኔ ጋር ቀሩ። «ውሻ ሞት ይጠራል። ደግሞስ ውሻን ጌታው ማለት ምንድን ነው? ጌታ አንድ ነው! ስጪኝና ዳቬይተን ልውሰደው። ሱቅ ይጠብቅ፤ ቢያንስ ሠርቶ ይብላ።»

«እትዬ፣ እሱ እንኳን ሱቅ ራሱንም አይጠብቅ።»

በዚህ መካከል የባለቤቴ ስልክ መልእክት መቀበሉን አላቆመም። አከራዮቹ በስሙ ይጽፉለታል። የተከበሩ አቶ፣ ዕረፍትዎ ደርሷል። የተከበሩ አቶ፣ የውሻዎን ምንጣፍ እንዳይረሱ። ደወልኩላቸው። ባለቤቴ ሞቷል አልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት በጣም አዝናለሁ አለ፤ ከዚያ «ታዲያ እሳቸው የማይነዱ ከሆነ ሁለተኛው ሹፌር ማን ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ከፈለግሁ ሊሰርዝልኝ እንደሚችል ነገረኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለመሰረዝ የደወልኩ ይመስለኝ ነበር።

«አይሰረዝ» አልኩ።

ስሙን እንዲያስተካክሉም ለመንኩ። አስተካክለናል አሉ። በሳምንቱ «የተከበሩ አቶ» ብለው ጻፉ።

እንደምሄድ ለእትዬ ስነግራቸው «ከማን ጋር?» አሉኝ።

«ከውሻው ጋር።»

«እኔ ሰው ነው የጠየቅሁሽ።»

ከዚያ በኋላ ስላላነሱት ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ውሻውን ይዤ መኪናውን ልረከብ ኬምፕተን ፓርክ ያለው የአከራዮቹ ግቢ ስደርስ ግን እሳቸው ቀድመውኝ ቆመዋል። ሻንጣ ይዘዋል፣ ብርድ ልብስ ይዘዋል። ከኋላቸው የቤተክርስቲያን ሴቶች አሉ፤ አንዷ በፎጣ የታሰረ የወጥ ድስት ተሸክማለች። መኪናውን ከበቡና መጸለይ ጀመሩ። ቁልፍ የምታስረክበው ወጣት ወረቀቶቿን አቅፋ «አሜን» እስኪሉ ጠበቀች።

«ማማ፣ ይኼ መኪና ለሁለት ሰውና ለአንድ ውሻ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሁለት ነን» አሉ እትዬ፣ ከደንበኞቻቸው በተማሩት እንግሊዝኛ። «እኔና እሷ። እነዚህ ሊሸኙ ነው የመጡት። ባሏ ሞቶባታል።»

«ሻም!» አለች ልጅቷ። እዚህ አገር ሰው ሲያዝንልህም፣ ሕፃን አይቶ ሲስቅም የሚለው ይህንኑ ነው።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት የባሌን ታላቅ እህት ከመኪና ላወርድ ነው? ልጅቷ ደንቡን አነበበችልን። ውሻው አልጋ ላይ አይወጣም። ሲነዳ ይታሰራል። መኪናው ውስጥም ሆነ መኪናው በሚያድርበት ካምፕ ለአፍታ እንኳ ብቻውን አይተውም። ፈረምኩ።

መንገዱን ሁሉ እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ጎብጠው ተቀመጡ፤ የውሻው ትንፋሽ ማጅራታቸው ላይ ነበር።

«ይበላኛል።»

«እትዬ፣ ታስሯል።»

«የታሰረ አይፈታም?»

ክላረንስ ስንደርስ ሣሩ በብርድ ቢጫ ሆኗል፣ ገደሎቹም ልክ በስልኩ ላይ እንደነበረው ሥዕል ናቸው። ካምፑ ውስጥ መኪናውን አቆምኩና ፎጣዬን አነሳሁ። የጋራ መታጠቢያው ራቅ ብሎ ይታያል። እትዬም ፎጣቸውን አነሱ።

«የት ነው?»

«ልታጠብ።»

«ብቻሽንማ አትሄጂም።»

«ውሻው ብቻውን መቅረት የለበትም፤ ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው ይዘነው እንሂድ።»

መታጠቢያው በር ላይ ውሻ አይገባም የሚል ተለጥፏል። ተመለስን።

«እርስዎ ከእሱ ጋር ይቆዩልኝ።»

«ከዚህ አውሬ ጋር? ብቻዬን?»

ልጆች ሳለን የምንጠያየቃት እንቆቅልሽ ነበረች፤ ነብር፣ ፍየልና ቅጠል በትንሽ ታንኳ ወንዝ የሚያሻግር ሰውዬ። እኔ ውሻውን መተው አልችልም። እትዬ እኔን አይተዉኝም፤ ከውሻው ጋር ደግሞ አይቀሩም። የእንቆቅልሹ ሰውዬ እንኳ ብልሃት ነበረው። እኛ ሳንታጠብ ዋልን። ባለቤቴ የመረጠውን ገደል ልይ ብዬ ስነሳ ሦስታችንም ተነሳን፤ ውሻው እኔን ይጎትታል፣ እትዬ ከኋላ «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ» ይሉኛል። ከላይ ሆኜ ምን እንዳየሁ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እንቁላል አወጣሁ። ምድጃዋን ስለኩስ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ሐዘንተኛ እሳት አትነካም። ወጡ መቼ አለቀ?»

«እትዬ፣ አንዲት እንቁላል ናት።»

«አንዲትም ብትሆን። ሰው ምን ይላል?»

ሰው አልነበረም። ብርድና ሣር ነበር። ውስጤ ምን እንደተበጠሰ አላውቅም።

«ተይኝ!» አልኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ! አንድ ሰዓት! ባሌን አንድ ሰዓት ብቻዬን ላልቅሰው!»

የባሌን ታላቅ እህት አንቺ ብዬ አላውቅም። ከእሳቸው ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ውሻው ጠረጴዛው ሥር ገባ።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንቺ ባል ሞተብሽ፤ ለቅሶ ቤቱም ያንቺ ቤት ሆነ። የኔ ወንድም ነው የሞተው። ዳቬይተን ስገባ ከሱቁ ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦ መሸጥ ነው። ‹ሳውቦና ማማ› ብለው ሰላም ይሉኛል፤ ‹ዬቦ› እላለሁ። ወንድሜ ሞተ ብዬ ለማን ልንገር? ማን ከኔ ጋር ይደር?»

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ እውነት ስለተናገሩ ብቻ የሚበርድ ንዴት አልነበረም። እሳቸው ናቸው ፎጣዬን አንስተው ያቀበሉኝ።

«ሂጂ ታጠቢ። እኔ ከፊት ወንበር እቆያለሁ። እሱን ከኋላ እሰሪው። ደህና አድርገሽ እሰሪው።»

ሄድኩ። ብቻዬን ሆንኩ። ውሃው ሞቃት ነበር፣ በሩ ላይም ማንም አልነበረም። እንባ ግን አልመጣም። ያን ያህል ስለምነው የከረምኩትን ሰዓት አግኝቼ የማስበው ስለ ሳሙናው ማለቅ ነበር። ለብሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና እንባዬን እንደዘገየ እንግዳ ጠበቅሁት። አልመጣም። በራሴ ተናድጄ ወጣሁ።

መኪናው አጠገብ ስደርስ ከተከፈተው መስኮት የእትዬ ድምፅ ተሰማኝ። የሚያወሩት በአማርኛ አልነበረም፤ እሳቸውና ባለቤቴ ብቻቸውን ሲሆኑ በሚነጋገሩበት በአገራቸው ቋንቋ ነበር። እኔ የሌላ ክፍለ ሀገር ልጅ ነኝ፤ ከባሌ ጋር የምንግባባው በአማርኛ ነው። ያንን ቋንቋ ግን ዘመኑን ሁሉ ከጎን ሆኜ ስሰማው ኖሬ ይገባኛል። ፊታቸውን ወደ ኋላ ወንበር አዙረው ውሻውን ይቆጡታል።

«ያኔ ያላዘንከው አውቀህ ነው? አውቀህ ከነበረ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ዳቬይተን ሩቅ ነው? እመጣ ነበር እኮ። ሱቁን ዘግቼ እመጣ ነበር።»

ውሻው ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣቸዋል። ባለቤቴም ሲቆጣው በዚያ ቋንቋ ነበር።

እዚያው መኪናው ጎን፣ ፎጣዬን ራሴ ላይ እንደጠመጠምኩ፣ አለቀስኩ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ጀርባዬን የሚይዝ እጅ ግን አልነበረም፤ በቃ የሚልም። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። እትዬ አላዩኝም፤ ወይም አላየሁም ብለው ተዉኝ። ከዚያ ገብቼ እንቁላሉን ጠበስኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አረረ፤ በላነው።

መኪናውን በመለስንበት ቀን ውሻውን ሳወርደው እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ለሱቅ አይሆንም» አሉ። «ያን ሁሉ ስሰድበው አንዴ አልጮኸብኝም። ይኼ ሌባ ቢመጣ ስኳሩን አውጥቶ ያቀብለዋል። ለራስሽ ያዢው።»

በዚያው ሳምንት መልእክት መጣ። የተከበሩ አቶ፣ ጉዞዎ እንዴት ነበር? ኮከብ ይስጡን። አልመለስኩም።

አሁን ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ውሻው ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይተኛል። እሑድ ከቤተክርስቲያን ስወጣ ዳቬይተን እሄድና ከእትዬ ጋር ከፍርግርጉ ኋላ እቀመጣለሁ። ሲመሽ ወደ ቤቴ እነዳለሁ፤ ብቻዬን አድራለሁ።