የጎሚስታው ሽማግሌዎች

ቲቸር ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ልትከራይ ስትመጣ እናቴ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ባል አለሽ?» አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ቲቸር ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና «ነበረኝ። ተፋታን። እዚህ ሥራ አገኘሁና መጣሁ» አለች። እናቴም የተፋታች ናት። ሌላ ሳትጠይቅ ቁልፉን ሰጠቻት።

የመጣችው ከናይሮቢ ነው። ዊንጌት አካባቢ አንድ መዋለ ሕፃናት ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ስለሚላት እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራታለሁ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ነበር፤ ከቤት እየተመላለስኩ ነው የምማረው። ከትምህርት ስመለስ እኔ እንግሊዝኛዬን ከእሷ፣ እሷ አማርኛዋን ከእኔ እንለማመዳለን። ዋነኞቹ የአማርኛ አስተማሪዎቿ ግን የክፍሏ ሕፃናት ስለነበሩ አነጋገሯ ሁሉ የክፍል ነበር። ባለሱቁ መልሱን አስተካክሎ ሲሰጣት «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ትላለች። ታክሲ ላይ ሰው ሲጋፋ «ተራ ያዙ! እጅ ወደ ኋላ!» ስትል ረዳቱ ሳይቀር ይሰለፋል።

አንድ እሑድ ልብስ እያጠብን ስለ ትዳሯ ነገረችኝ። ልትዳር ስትል አጎቶቿ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ልትፋታ ስትልም የተነጋገሩት እነዚያው አጎቶቿ ናቸው።

«ሁለቱንም ጊዜ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ከእንግዲህ በእኔ ነገር ማንም መልስ አይሰጥልኝም። ከአገሬ የወጣሁት ለዚህ ነው።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ጨምቃ የጨረሰችውን አንሶላ ግን እንደገና ጠመዘዘችው።

ጎሚስታው ወደ ታሪኩ የገባው በኳስ ምክንያት ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ዓመታት ያለፉት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቲቸር የልጆቹን ኳሶች በመረብ ተሸክማ ሄደች፤ ነፋላት። ሒሳብ ስትጠይቀው «ለልጆች አይከፈልም» አለ። በሳምንቱ ኳሶቹ ተንፍሰው ተመለሱ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚሁ። ከጎሚስታው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እናቴን መንገድ ላይ አግኝታ «የእናንተ ቲቸር ልጆች የሚጫወቱት ሚስማር ሜዳ ላይ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር። ቲቸር ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ኳሱን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ በመንፊያ መርፌ አየሩን ቀስ ብላ ስታስወጣ ደርሼባታለሁ። ስታየኝ ልክ ሕፃናቱን ዝም እንደምታሰኘው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ከዚያ ጎሚስታው ለእናቴ ሽማግሌ እንደሚልክ አስነገረ። ቲቸርን ራሷን አልጠየቃትም። በእሱ ቤት ማክበሩ ነበር፤ እዚህ ዘመድ የላትም፣ የምትኖረው እኛ ግቢ ነው፣ ስለዚህ ቤተሰቧ እኛ ነን። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ቲቸርን ጠርታ አስቀመጠቻትና ሥርዓቱን እንዳስረዳት አዘዘችኝ። ቲቸር መጀመሪያ ፊቷ በራ።

«መልስ የሚሰጠው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አለች እናቴ። «የመጀመሪያ ቀን ግን እሺ አይባልም። እሺ ከተባለማ ልጅቷ ቆማ ቀርታ ነበር ይላሉ። ‹እናስብበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ› ነው የሚባለው።»

«እኔ ግን እሺ ነኝ።»

«ነሽ። ግን አይባልም።»

«ካልተመለሱስ እትዬ?»

«ሥራው ጎማ አይደለም እንዴ? የተነፈሰ ነገር መች ይሰለቸዋል! አንቺ ብቻ ጓዳ ሆነሽ ጠብቂ።»

የመጨረሻዋን ስተረጉምላት የቲቸር ፊት ተለወጠ። «ጓዳ ገብቼ ያገኘሁት ባል ነበረኝ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ይኼን ሰው እፈልገዋለሁ። በዚህ መንገድ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።» ተነሥታ ክፍሏ ገባች። እናቴ «ምን አለች?» ስትለኝ የሰማሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እናቴ «ብቻ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ» አለች።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ የዕድራችን ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርና የሽሮ ሜዳ ሸማኔ። ቲቸር እናቴን ላለማሳፈር ብላ፣ ፊቷን እንዳኮማተረች፣ ከእኔ ጋር ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አሉ፣ እናቴ በማርያም ብላ ለመነቻቸው፣ ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩ የመጡበትን ተናገሩ። እናቴ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ መለሰች።

«ልጃችን የሰው አገር ሰው ናት። አጎቶቿን ሳናማክር ምንም ማለት አንችልም። እናስብበትና በሌላ ቀን ተመለሱ።»

አጎት የምትለውን ቃል ለቲቸር መተርጎም አላስፈለገኝም። ቀሚሷን ያዝኩ፤ አመለጠችኝ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሊወጡ ቆመዋል።

«ቁጭ በሉ!» አለች ቲቸር።

ሦስቱም ቁጭ አሉ። እናቴም ቁጭ አለች።

«አጎት የለም» አለች ቲቸር። «ልጅቷ እኔ ነኝ። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«እንዴ! እና መልሱ ምንድን ነው?» አሉ ሹፌሩ።

«ለእናንተ አይደለም። እሱ ይምጣ። እሱ ይጠይቀኝ።»

«ልጄ፣» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ «ሙሽራ በሽማግሌ ቀን ድርሽ አይልም። ነውር ነው።»

«ገና ሙሽራ አይደለም።»

ሸማኔው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እውነቷን ነው እኮ!» ብለው ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

ጎሚስታው በሥራ ቱታው እየሮጠ መጣ። የሞተ ሰው ያለ መስሎት ነበር። ግራሶ የነካውን እጁን ወደ ኋላ ደብቆ በር ላይ ቆመና ሽማግሌዎቹን ተማጽኖ ባለው ዓይን ተመለከተ።

«እኛን አትይ» አሉት ሹፌሩ። «እኛ ቁጭ በሉ ተብለናል።»

ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቲቸር... እ... ማለቴ... ኳሶቹ ቀዳዳ እንደሌላቸው ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። በቃ፣ ታገቢኛለሽ ወይ?»

ቲቸር ቀና ብላ እናቴን አየቻት፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«እናስብበት» አለች። «በሌላ ቀን ተመለስ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጎሚስታው ለአፍታ ደንግጦ ቆየና ፈገግታው ቀስ በቀስ ፊቱን ሞላው። «እሺ፣ እመለሳለሁ» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

በሳምንቱ ተመለሰ፤ ብቻውን፣ ታጥቦና ኮት ለብሶ። ቲቸር የእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። እኔና እናቴ ጓዳ ገባን። መጋረጃው በጆሮአችን ክብደት ሊወድቅ ደርሶ ነበር።

«እኔስ ስዳር መች ጠይቁኝ አልኩ» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። ልመልስላት ስል ክንዴን ጨመቀችው። «ዝም በይ! እየመለሰችለት ነው።»