በየቀኑ ሁለት እንቁላል

ልብስ ሰፊው ጡረታ ከወጡ ወዲህ አፋቸው የሚፈታው የእንቁላል ነገር ሲነሳ ነው። የሱቁን እንቁላል ስሙን እንኳ መስማት አይፈልጉም። «አስኳሉ የገረጣ፣ ጣዕሙ ውሃ ውሃ የሚል! መቼ እንደተጣለ የሚያውቅ የለም» ይላሉ። ሐኪማቸው «ሰውነትዎ አልቋል፣ ደህና ነገር ይብሉ» ካላቸው ጀምሮ ሦስት መንገድ ተሻግረው ከዶሮ አርቢዋ ይገዛሉ። የሷ ዶሮዎች ሣር እየነጩ፣ ትል እየለቀሙ ግቢ ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ትጽፋለች።

የሚገዙት ግን በየቀኑ ሁለት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ደርዘኑን ቢወስዱስ? ጉልበትዎን ጨረሱት እኮ» አለቻቸው አንድ ቀን።

ክው አሉ። ደርዘን ማለት ስድስት ቀን ሰው ሳያናግሩ መዋል ነው። ሚስታቸው ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ብቸኝነቱ ሊገድላቸው ነው።

«ፍሪጄ ተበላሽቷል፣ እህቴ» አሉ ቶሎ ብለው።

እሷም አምናቸው ወሬዋን ቀጠለች፤ የትኛዋ ዶሮ ቁጡ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንቁላሏን እንደምትደብቅ። እግራቸው እስኪደነዝዝ ቆመው ሰሟት።

ከዚያ ጉንፋን ጣላቸው። ሁለት ቀን ቢጠፉባት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቤታቸውን አጠያይቃ፣ እንቁላል ይዛ በራቸውን አንኳኳች። ብርድ ልብስ ተከናንበው ከፈቱላት።

«አረፍ ይበሉ፣ ጠብሼ አበላዎታለሁ» ብላ ቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። «ተይው!» ሳይሏት የፍሪጁ በር ሲከፈት ሰሙ።

ፍሪጁ ደህና አድርጎ ይሠራል። ከላይ እስከ ታች እንቁላል ብቻ ነው። የጻፈቻቸው ቀኖች በተራ ተደርድረዋል፤ ካለፈው ወር ጀምሮ አንዱም አልተነካም። ምድጃው አቧራ ለብሷል፤ ጠረጴዛው ላይ የደረቀ ዳቦ አለ።

«አንዱንም አልቀመሱትም?»

«ለአንድ ሰው ብሎ ምድጃ መለኮስ...» አሉና መጨረስ አቃታቸው። አፈሩ።

ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከተተቻቸው። የተንሳፈፉትን ተበላሽተዋል ብላ ጣለች፤ ከሰመጡት አራቱን ጠብሳ በሁለት ሳህን አቀረበች። አስኳሉ እውነትም እንዳወሩለት ደማቅ ነበር። አብረው በሉ።

ስትወጣ እስከ በሩ ሸኟት።

«ከነገ ጀምሮ እንቁላል አልሸጥልዎትም» አለች።

ልባቸው ድንግጥ አለ።

«እንዲያው ዝም ብለው ይምጡ።»

ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሳቸውን እንደያዙ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

«እሺ... ግን ምን ብዬ ልምጣ?»