አጎቴ ያተረፏቸው ሰዎች

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ እሁድ ከሰዓት አሶሳ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ እጃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ዝም በሉ፣ ድራማው ሊጀምር ነው ማለታቸው ነው።

ድራማው ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረ ነው። በየሳምንቱ ታሪኩም ሰዎቹም አዲስ ናቸው፤ የማይቀየረው መግቢያው ላይ የሚንኳኳው በርና ልብ አንጠልጣይነቱ ብቻ ነው። አማርኛ ለማይገባት ሚስታቸው፣ ለአክስቴ፣ እየሰሙ በበርታ ቋንቋ ይተርኩላታል። እሷ በፍርሃት የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች፤ ሲያልቅ ግን ሁሌም እፎይ ብላ ትነሳለች። እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ስለምውል አንድም ቀን አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አልሰማሁም።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው እሁድ አክስቴ ሬዲዮዋን ሰጠችኝ።

"እንግዲህ አሁን አንተ ንገረኝ" አለችኝ።

ደስ አለኝ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ መንገድ ላይ ያሳፈራቸውን ሽማግሌ ገደላቸው።

"ገደላቸው?" አለች ደንግጣ። "አጎትህ እያለ እኮ ማንም ሞቶ አያውቅም!"

ለካ አጎቴ ያን ሁሉ ዓመት መጨረሻውን ሲቀይሩላት ኖረዋል። እኔ በሐዘኗ ላይ ሌላ ሬሳ ጨመርኩባት።

ቀጥላም፣ "አምና በድራማው ጉድጓድ የገባችው ልጅስ? እሷም አልወጣችም?" አለች።

"ወጥታለች አክስቴ፣ ወጥታለች" አልኳት ተጣድፌ።

እሷ ግን የጠየቀችው እኔን አልነበረም። ፊቷን ወደ ባዶው በርጩማ አዙራለች።