ወይ ውሻሽን ወይ እድርሽን

ቡታጅራ ውስጥ ከወለተጊዮርጊስ ጋር ክርክር የሚገጥም ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው ሙግት ሲገላበጥ እያየች ሃምሳን ስለተሻገረች፣ ቲማቲም ስትገዛ እንኳ «ትኩስ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» ትላለች። በወጣትነቷ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ እዚያው ቀረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። «ለምን?» ብሎ የጠየቃትን «አንተስ አግብተህ ምን አተረፍክ?» ብላ ትመልሰዋለች።

ቤቷን ሊቀማት ከተነሣ ሰው ጋር ተሟግታ፣ በሥር ፍርድ ቤት ተረትታ፣ በይግባኝ ረታች። በዚያው ሰሞን ያመጣችውን ቡችላ ይግባኝ አለችው። በአገሯ የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ጆሮ ነው። ይግባኝም አድጎ ጎረምሳ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ድረስ ይሸኛታል፣ ብቻውንም ይመለሳል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ስትጠራው አልመጣም። ደግማ ጠራችው። ከጓሮ የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማት። ይግባኝ በሁለት የፊት እግሮቹ ጭቃውን እየቧጠጠ ይመጣል፤ የኋላዎቹ ግን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ከኋላው ይጎተታሉ። ማታ እራቱን በልቶ፣ ድመት አባሮ የተኛ ውሻ ነው! ጭራው እንኳ አይነቃነቅም። የሚያማትን ጉልበቷን ጭቃው ላይ አንበርክካ ዳበሰችው። ቁስል የለውም፣ እብጠት የለውም።

ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣች የምትነግደው ጎረቤቷ ሳሌሃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ያ ረቢ! እትዬ ወለቴ፣ ሽሺ! ውሻው አብዷል!»

«ያበደ ውሻ ሰው ይነክሳል እንጂ ጭቃ ውስጥ ይጎተታል?»

«መጀመሪያ ኋላውን ነው የሚይዘው ይላሉ። ወላሂ፣ እኔ ልጆች አሉኝ!»

ሳሌሃ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። ግን ወሬ ክንፍ አለው፤ ቁርስ ሳይበላ ሠፈሩን አዳረሰው።

ባጃጅ ነጂዎቹ ውሻውን ሲያዩ ፍጥነት ይጨምራሉ። በመጨረሻ አንዱ «በማዳበሪያ ከጠቀለልሽው» ብሎ ቆመላት፤ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስተኝታ የእንስሳት ክሊኒክ ደረሰች። ዶክተር ሙሀይሚን ወጣት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከላምና ከበሬ ጋር ይውላል። የይግባኝን የኋላ እግር ጣት በመቆንጠጫ ያዝ ሲያደርገው ውሻው ዞር ብሎ አጉረመረመበት።

«ይሰማዋል፤ ጥሩ ነው» አለ ሙሀይሚን ደስ ብሎት። «እትዬ፣ ክትባቱን በየዓመቱ አስከትበሽዋል፤ የእብደት ምልክትም አላየሁበትም። አከርካሪው ይመስለኛል። ድመት ሲያባርር ክፉ ዝላይ ዘሎ ነርቩ ተጫነ። ለጥንቃቄ ግን ጥቂት ቀን አስረሽ ከሰው አርቂው። እንዳይንቀሳቀስም ነው።»

«ይድናል?»

«ሊድን ይችላል፤ ላይድንም ይችላል። ካልሆነ ማስተኛትም አለ።»

«ማስተኛት ማለት መግደል ነው፤ አማርኛ አታሳምርልኝ!» አለችው። ሙሀይሚን ሳቀና ውሻውን መርፌ ወጋላት።

በማግሥቱ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ በኃይሉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ በኃይሉ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ ጡረታው ግን ለእሳቸው ገና አልተነገራቸውም፤ ሠፈሩን በሙሉ እንደ ክፍል ያሰልፉታል። በእጃቸው ውሃ የሞላ ጆግ ይዘዋል።

«እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል» አሉ። «አሁን እውነቱ ይወጣል።»

ወለተጊዮርጊስ ሊያጠጡት መስሏት አስገባቻቸው። ሰውየው ታዲያ በዚያ የሐምሌ ብርድ ውሃውን ከሩቅ የውሻው ፊት ላይ ደፉት። ይግባኝ አልቅሶ፣ በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ፣ ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ሸሸ።

«አያችሁ! ፈራ!» አሉ ጋሽ በኃይሉ።

ወለተጊዮርጊስ ጆጉን ከእጃቸው ነጥቃ የቀረውን ፊታቸው ላይ ቸለሰችው። ጋሽ በኃይሉ ወደ ኋላ ሲዘሉ ኮፍያቸው ወደቀ።

«እርስዎም ፈሩ!» አለች። «ፍርዱ ለሁለታችሁም አንድ ነው፤ ማንን እናስቀድም?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። ጋሽ በኃይሉ ውሃውን ይቅር ይሉ ነበር፤ ሳቁን ግን ይቅር ማለት አልቻሉም።

እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። የቀረበው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር። ወይ ውሻው ተገድሎ ሊቀመንበሩን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ወይ ከእድሩ ትሰረዛለች። ይህ ዛቻ ዘመድ አዝማድ ላለው ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ሬሳውን የሚሸከም ትከሻ ይለመንለታል። ወለተጊዮርጊስ ደግሞ በዚያ ከተማ ከእድሩ በቀር ወገን የላትም።

«ወይ ውሻሽን ወይ እድርሽን» አሉ ጋሽ በኃይሉ። «አስቢበት። ማን ይቀብርሻል?»

ወለተጊዮርጊስ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች።

«ከሞትኩ በኋላ የሚሸተው ለእናንተ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ቅበሩኝ፣ አትቅበሩኝ፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው!» ሰው አጉረመረመ፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። «እኔም ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ነገ እግሬ እንቢ ብሎኝ በቂጤ ስጎተት በጆግ ትመጡብኛላችሁ? በጤናው ሌባ ሲጠብቅላችሁ ጎበዝ ነበር፤ አንድ ጠዋት መነሣት ሲያቅተው ይገደል? እንደዚህ ያለ ቀባሪ አልፈልግም። ሰርዙኝ!»

ሰረዟት። ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋችና አለቀሰች። መቀበር ማን ይጠላል? መሞትን እንጂ ብቻዋን መሞትን አስባው አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አሰበችው። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የይግባኝን ወገብ በሞቀ ጨርቅ ማሸት ጀመረች።

ሙሀይሚን ያለው ቀን አለፈ፤ ይግባኝ አላበደም። ሠፈሩ «እብደቱ ቆይቶም ይወጣል» አለ። ሲወድ ይወጣል፣ ሲጠላ ይወጣል፤ የሠፈር ሐኪም መቼ ተሳስቶ ያውቃል! እሷ ነጠላዋን ከሆዱ ሥር አዙራ ኋላውን ብድግ አድርጋ ልታቆመው ትሞክር ነበር። ነጠላው ተቀደደ። በበነጋው ሳሌሃ በአጥሩ ላይ አንድ ነገር ወረወረችላት፤ ከእንሰት ቃጫ የተጎነጎነ ሰፊ ጠፍር ነው።

«ከጉንችሬ ነው ያስመጣሁት» አለች ሳሌሃ፣ ዐይኗን ወደ ሌላ አድርጋ። «ውሻውን አልነካም፤ እሱን አትጠብቂ። ቃጫ ግን አይበጠስም። በዚያ ጠዋት ስለጮህኩት... አውፍ በይኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለተጊዮርጊስ በጓሮ መደበቋ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ይግባኝን በቃጫው አንጠልጥላ በዋናው አስፋልት ላይ ታወጣዋለች። እሷ በጉልበቷ ታነክሳለች፣ እሱ ኋላውን ይጥላል። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያፈጥ ካለ «እግር ያለህ አንተ ነህ፣ ለምን ተቀመጥክ?» ትለዋለች። እየዋለ እያደረ አንዱ እግሩ መሬት መርገጥ ጀመረ፣ ሌላው ግን ይጠላለፍ ነበር።

በጳጉሜን ጥሩምባ ተነፋ። ሸክላ እየሠሩ ለሠፈሩ ሰው ሁሉ የሸጡት እማማ አበባ አረፉ። ወለተጊዮርጊስ ጥቁር ነጠላዋን አደግድጋ፣ ይግባኝን በቃጫው ይዛ ድንኳኑ ደጃፍ ደረሰች። ጋሽ በኃይሉ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመዋል።

«አባል አይደለሽም» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለእማማ አበባ ነው የመጣሁት። እሳቸው ደግሞ ደብተር አይመለከቱም።»

ይግባኝን ደጃፉ ላይ አስተኝታ ገባች። የሚያስወጣት አልነበረም። ሳሌሃ ጥግ ላይ ተቀምጣ ኖሮ ጠጋ አለችላት፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችው ጠጋ አለች፣ ከዚያም ቀጥላ ያለችው።

አስከሬኑ ሲነሣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ወለተጊዮርጊስ ስትወጣ ቃጫው መሬት ላይ ተጥሏል፤ ይግባኝ በቦታው የለም። ቀና ስትል አየችው። በአራት እግሩ፣ ኋላው ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ፣ ከአጃቢው ኋላ ይሄዳል። ያለ ማንም እጅ! የሚያባርረውም አልነበረም።

ወለተጊዮርጊስ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሴቶቹ «እንዴት ትወዳቸው ኖሯል» ተባባሉ። ትወዳቸው ነበር፤ ያ እንባ ግን የእማማ አበባ አልነበረም።

ጋሽ በኃይሉ ጎኗ ደርሰው ከእሷ ጋር እኩል መራመድ ጀመሩ። ከፊት የሚንገዳገደውን ውሻ በዐይናቸው ተከተሉት።

«እሁድ ስብሰባ አለ» አሉ። «ብትመጪ...»

ወለተጊዮርጊስ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው» አለቻቸው።