ላብራቶሪው የተከፈተ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤቴ ጥቅል ጎመን ስቀቅል የድስቱን ክዳን አነሳሁና እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ብዙ ሰው የማይወደው ሽታ ነው፤ ባለቤቴ ወዲያው ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። እኔ ግን ድስቱ ላይ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ከበን የቆምንበት ጠዋት መጣብኝ። እስቲ ላውራሽ፤ አንቺም ዘንድሮ እንደኔ መምህርት ሆነሻል።

ያኔ አዲስ የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት እየተዘጋጀ ነበር። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ በጥቂት ትምህርት ቤቶች እንዲሞከር ተወሰነ፤ የእኛም አንዱ ሆነ። የኬሚስትሪ መምህራችን ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ሰሌዳ ሲያጠፉ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። አንድ ቀን ስለ አሲድና ቤዝ የሚያወራውን ምዕራፍ ይዘው ገቡ።

"የሊትመስ ወረቀት በአሲድ ቀይ ይሆናል ብላችሁ ሸምድዳችኋል አይደል?" አሉን። "ሊትመስ ያየ እጁን ያውጣ።"

ማንም አላወጣም።

"እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ አላየሁም። ይሄ ረቂቅ ግን ተማሪው በእጁ ይሥራ ይላል። ስለዚህ ትሠራላችሁ።"

ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረን። በሩ ላይ የተጻፈው ስም በፀሐይ ደብዝዟል፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው። በመስኮቱ ስንመለከት የምናየው እስከ ጣሪያ የተደራረበ የተሰበረ ዴስክ ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ። ዕቃ ቢሰበር፣ ልጅ ቢቃጠል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። መምህራችን ቁልፉን ሊጠይቁ ሲገቡ እኛ ደጅ ቆመን ሰማን።

"አንድ ልጅ ዓይኑ ውስጥ አሲድ ቢገባ ለእናቱ ምን እላታለሁ? እስቲ አስቢው!"

"እንግዲያው ወጥ ቤት በሚገኝ ዕቃ አሠራቸዋለሁ" አሉ መምህራችን። "ግቢውን ግን አይከልክሉኝ።"

ግቢውን አልከለከሏቸውም። ዋርካው ሥር ከሰል ተያያዘ። የመምህራችን ዘዴ ቀይ ጥቅል ጎመን ነበር። ሲቀቀል ውሃው ሐምራዊ ይሆናል፤ ሎሚ ወይም አቼቶ ጠብ ሲልበት ደግሞ ሮዝ፣ አመድ ወይም ሳሙና ሲገባበት ሰማያዊ፣ ሲበረታም አረንጓዴ። መጀመሪያ ቀለሙ በዓይናችን ፊት ሲለወጥ የጮኽነው ጩኸት አባ ኮዳ የምንላቸውን ትልልቅ ወፎች ከቆርቆሮው ጣሪያ አስነስቶ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው "ምን ሆናችሁ?" ብለው ጠየቁን።

ከዚያ ሙከራውን የሚገመግም ባለሙያ እንደሚመጣ ተነገረን። መምህራችን ነገሩን አልሸሸጉንም። "አይሠራም ከተባለ ተግባሩ ከመጽሐፉ ይወጣል። የሚቀረው የሚሸመደደው ነው። የምትጎዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ከኋላችሁ የሚመጡትም ናቸው።" ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከደወሉ በፊት እየመጣን እንለማመድ ነበር። ማንም አላስገደደንም።

የግምገማው ዕለት ጎመን የመግዛቱ ሥራ ለእኔና አጠገቤ ለምትቀመጥ ጓደኛዬ ደረሰ። ጓደኛዬ ከከተማው ዳር ነበር የምትመጣው። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛዋ ዘገም ይል ስለነበር ይስቁብኛል ብላ ክፍል ውስጥ አትናገርም። አብረን ስንሆን ግን እሷ በሲዳምኛ፣ እኔ በአማርኛ እያወራን እንግባባለን። በባጃጅ አዲስ ከተማ ሰፈር ገበያ ደረስን። ቀይ ጎመን የለም፤ ሆቴሎቹ ለሰላጣ ጠርገው ወስደውታል። አንዲት ነጋዴ ዘንድ አንድ ራስ አገኘን፤ እሱም የታዘዘ ነው ተባልን። እኔ ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ጓደኛዬ ሴትዮዋ ፊት ቁጭ ብላ በሲዳምኛ ታስረዳት ጀመር፤ ሎሚውን፣ አመዱን፣ እንግዳውን፣ ሁሉን። ሴትዮዋ ሳቀች። ቢላዋ አወጣችና ጎመኑን ለሁለት ከፈለችው። "ግማሹ ለሆቴሉ፣ ግማሹ ለትምህርታችሁ" አለችን።

ባለሙያው መነጽር ያደረጉ፣ ጨዋ፣ የቸኮሉ ሰው ነበሩ። ዋርካው ሥር ወንበር ቀረበላቸው። ብርጭቆዎቹ ተደረደሩ፤ ጎመኑም መፍላት ጀመረ። ድንገት ከከተማችን ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሳና አፈር አፈር ሸተተ፤ ተከትሎ ዝናቡ ወረደ። ባለሙያው ወደ በረንዳው ሮጡ። እኛ አልሮጥንም። ሹራባችንን እያወለቅን ድስቱንና ብርጭቆዎቹን ሸፈንን። መምህራችን ምድጃው ላይ ሰፌድ ዘርግተው ቆሙ፤ ውሃው በአንገታቸው ይወርዳል።

"ይኸው! የምንለው ይሄንን ነው" አሉ ባለሙያው በረንዳው ላይ ሆነው። "ላብራቶሪ በሌለበት ይሄ ነገር አይሆንም።"

ርዕሰ መምህሩ አጠገባቸው ነበሩ። እኛን አዩ፤ በሸሚዝ የምንንቀጠቀጠውን።

"ላብራቶሪማ አለን" አሉ፤ ቁልፉንም ከኪሳቸው አወጡ።

ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን እምቢ አለ። በትከሻቸው ገፉት። የታፈነ አቧራና የአይጥ ሽታ ወጣ። ዴስኮቹን እየተቀባበልን ወደ በረንዳው አወጣን። ከሥራቸው ያልተከፈቱ ሳጥኖች ተገኙ፤ በውስጣቸው በጭድ የተጠቀለሉ የመስታወት ቱቦዎች። ሳጥኖቹን የከፈቱት ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው። "ቀስ! ቀስ በሉ!" እያሉ አንድ በአንድ በመሐረባቸው እየወለወሉ ሰጡን። ትምህርቱ ቀጠለ።

ቀለሞቹ እንደተለማመድነው ወጡ። ባለሙያው ግን "ቤዝ ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ። ትርጉሙን በቃላችን እናውቀው ነበር። ቀድማ የተነሳችው ግን ጓደኛዬ ናት። ከሐይቁ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣችው ውሃ ነበራት። የጎመኑን ውሃ ጨመረችበት፤ ሰማያዊ ሆነ። ልትናገር ጀመረችና አማርኛው ጠፋባት። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ።

"በሚቀናሽ ቋንቋ ተናገሪ" አሏት መምህራችን። "ጓደኛሽ ትነግረናለች።"

በሲዳምኛ ተናገረች። እኔ ተከትያት ተረጎምኩ። "የሐይቁ ውሃ ከአመዱ ወገን ነው ትላለች። ሎሚው ደግሞ ይጣላዋል። እኩል ለእኩል ሲሆኑ ሁለቱም አይታዩም።"

እኔ ስናገር እሷ ሎሚውን ጠብ ጠብ ታደርግ ነበር። ሰማያዊው ፈዘዘ፤ ቆየና ሐምራዊ ሆነ፤ እዚያ ላይ አቆመች። እንዲያ አድርጉ ያለን አልነበረም። ባለሙያው ቱቦውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ዝናቡ አባርቶ ብርሃን ገብቶ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ግን ይሄ ብሔራዊ ፈተና ላይ አይመጣም።"

"እንግዲያው ፈተናውንም አስተካክሉታ" አሉ መምህራችን፤ ፀጉራቸው ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ከዚያ ቀን ወዲያ ላብራቶሪው አልተቆለፈም።

መጽሐፉ ግን ቶሎ አልመጣም። መምህራችን በዓመቱ መጨረሻ እናታቸውን ለማስታመም ወደ አገራቸው ተዛወሩ። ጓደኛዬ አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች፤ ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ነበረች። እንደኔ እንደኔ ኬሚስትሪ ማጥናት የነበረባት እሷ ናት። ዛሬ አዲስ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላት፤ አማርኛዋም ከእኔ ይፈጥናል። መጽሐፉ ታትሞ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ እሷ ነው። የጎመኑን ሙከራ ገጽ ዘርግቼ ሳሳያት ደንበኛ እየጠበቃት ነበር። "ቆይ፣ ሎሚው ገብቷል?" አለችና በጣቷ ፈለገችው። ስታገኘው አነበበችውና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ማታውን መምህራችንጋ ደወልኩ። ስኳር ዓይናቸውን አድክሞታል፤ ማንበብ ትተዋል።

"አንብቢልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰፌዱ፣ ስለ ማናችንም የሚል ነገር የለበትም። "ሊትመስ በማይገኝበት ቦታ" የሚለው ላይ ስደርስ በስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ከእኔ ቀድመው "ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ መጠቀም ይቻላል" አሉ። ያኔ ለባለሙያው ጽፈው የሰጡት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንድ ቃል አልተነካም።

ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ቲቸር፣ አሉ?"

"አለሁ" አሉኝ። "ካልደከመሽ አንዴ ድገሚልኝ።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው፤ ቀስ ብዬ።